የሳይንስ ክበብ ዓመታዊ ዘገባ፦ የተተከለ እጅን ሰውነት እንዲቀበለው

የሳይንስ ክበባችን አባላት በ2017 ዓ.ም. ያጠኑት ርዕስ፣ የጂን ሕክምና የተተከለን እጅ ወይም እግር ሰውነት እንዳይገፋው ማድረግ ይችል እንደሆነ የሚጠይቅ ነበር። ርዕሱን ያመጡት ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው፤ በ2014 ዓ.ም. በወሎ ምድር በተካሄደው ጦርነት አካላቸውን ያጡ ዘመዶችና ጎረቤቶች ያሏቸው ልጆች በመካከላቸው አሉ።

በ1998 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ ሊዮን ከተማ በፕሮፌሰር ዣን ሚሼል ዱበርናር የተመራ ቡድን ከሟች የተወሰደ እጅ ለአንድ ሰው ተከለ። ታካሚው መድኃኒቱን መውሰድ በማቆሙ ግን ሰውነቱ እጁን ስለገፋው በ2001 እ.ኤ.አ. ተቆረጠ። የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክሙት እነዚህ መድኃኒቶች ዕድሜ ልክ የሚወሰዱ ሲሆን፣ ለኢንፌክሽን፣ ለስኳር በሽታ፣ ለኩላሊት ጉዳትና ለካንሰር ያጋልጣሉ። ኩላሊት የተተከለለት ሰው ይህን ሁሉ የሚሸከመው ሕይወቱን ለማትረፍ ነው፤ እጁን ያጣ ግን ሌላው አካሉ ጤነኛ የሆነ ሰው ይሸከመው ወይ የሚለው ጥያቄ በክበቡ ውስጥ ብዙ አከራክሯል፤ በእኔም እምነት የጉዳዩ እምብርት ይኸው ነው።

የጂን ሕክምናው ሐሳብ መላውን ሰውነት ከማዳከም ይልቅ የተተከለውን አካል ብቻ መጠበቅ ነው። አካሉ ከመሰፋቱ በፊት፣ በሽታ እንዳያመጣ ሆኖ የተዘጋጀና ጠቃሚ ጂን የተሸከመ ቫይረስ በደም ሥሮቹ ውስጥ እንዲያልፍ ይደረጋል፤ ከዚያ በኋላ የአካሉ ሕዋሳት ራሳቸው የመከላከያውን ጥቃት የሚያበርድ ፕሮቲን ያመርታሉ። ቲ ሴል የተባለው ነጭ የደም ሕዋስ ለጥቃት የሚነሣው ሁለት ምልክቶች ሲደርሱት በመሆኑ፣ ከተሞከሩት ፕሮቲኖች አንዱ ሁለተኛውን ምልክት ይጋርዳል። አስቸጋሪው ቆዳ ነው፤ ከእጅ ክፍሎች ሁሉ ሰውነት አጥብቆ የሚቃወመው እሱን ነው። በተጨማሪም የጂኑ ሥራ በጊዜ ሊዳከም፣ ቫይረሱም ራሱ መከላከያውን ሊቀሰቅስ ይችላል።

አባላቱ ከካርቶንና ከኮምቦልቻ ከመጣ ትራፊ ክር የክንድ ሞዴል ሠርተዋል፤ ቀዩ ክር የደም ቅዳ፣ ሰማያዊው የደም መልስ፣ ቢጫው ነርቭ ነው። ነርቭ በቀን አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ እንደሚያድግ ካነበቡ በኋላ ከእጅ አንጓቸው እስከ ጣታቸው ጫፍ በማስመሪያ ለክተው፣ ስሜት እስኪመለስ ግማሽ ዓመት ያህል እንደሚፈጅ አስልተዋል።

በወላጆች ቀን ሞዴሉ ሲታይ አንድ እጃቸውን ያጡ አባት ሕክምናው መቼ እንደሚደርስላቸው ጠየቁ። ገለጻ ታደርግ የነበረችው የ11ኛ ክፍል ተማሪም፣ «ጋሼ፣ እስካሁን በዋናነት የተሞከረው በአይጥና በመሰል እንስሳት ላይ ነው፤ ለሰው ገና ነው፤ ደርሷል ብዬ አልዋሽዎትም» ስትል መለሰች። የዓመቱን ሥራ ከሁሉ በላይ የምመዝነው በዚህ መልስ ነው።

በመጪው ዓመት ክበቡ፣ በ2015 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የተጀመረውን የኩላሊት ንቅለ ተከላ መነሻ አድርጎ የደምና የሕብረ ሕዋስ ተዛማጅነትን ያጠናል፤ የ9ኛ ክፍል ተማሪዎችም ምዝገባው ሲጀመር እንዲቀላቀሉን እንጋብዛለን።