የሳይንስ ክበብ፦ ወደ ኋላ መሄድ የማይችለው ሞተር

ዘንድሮ የሳይንስ ክበባችን ዓመቱን ያሳለፈው ከአንዲት መርከብ ጋር ነው። ቫንዳል ትባላለች። የአልፍሬድ ኖቤል ወንድሞች ያቋቋሙት የነዳጅ ኩባንያ በ1903 እ.ኤ.አ. ሩሲያ ውስጥ ያሠራት ነዳጅ ጫኝ ናት። በናፍጣ ሞተር በመሄድ ከነዳጅ ጫኞች ሁሉ ቀዳሚዋ እሷ ነች።

ነገሩ የተጀመረው ኅዳር ላይ ነው። ስለ ናፍጣ ሞተር እያወራን አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ መርከብ ወደ ኋላ እንዴት ይሄዳል?» እኔ ራሴ አስቤው አላውቅም ነበር። የዚያን ዘመን የናፍጣ ሞተር የሚዞረው ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። ቫንዳል ደግሞ ከቮልጋ ወንዝ ላምባ ጭና ወደ ሴንት ፒተርስበርግ የምትሄደው በጠባብ ቦዮች በኩል ነው። እዚያ ወደ ኋላ ማለት ካልቻለች ጉድ ነው።

መሐንዲሶቹ ምን አደረጉ? ሞተሩን ውሃ ውስጥ እየዞረ መርከቧን ከሚገፋው ከፕሮፔለሩ ለዩት። እያንዳንዳቸው 120 የፈረስ ጉልበት ያላቸው ሦስት ሞተሮች መርከቧ መሃል ላይ ሆነው ጄኔሬተር ያዞራሉ። ኤሌክትሪኩ በሽቦ ወደ መርከቧ የኋላ ክፍል ይሄድና ፕሮፔለሮቹን የሚያዞሩትን የኤሌክትሪክ ሞተሮች ያንቀሳቅሳል። እነዚህ በሁለቱም አቅጣጫ ይዞራሉ። በጣም የምወደው መፍትሔ ነው።

ልጆቹ ግን ሠርተው ማየት ፈለጉ። የዘይት ጀሪካን ቆረጡ፣ ከተበላሸ ቴፕ ትንሽ ሞተር ፈቱ፣ በጄኔሬተሩ ፈንታ ሁለት የባትሪ ድንጋይ አሰሩ። የመጀመሪያዋ ጀልባ ሳፋው ውስጥ ቂጧን ይዛ ሰጠመች። ክብደቱን ሁሉ ከኋላ ጭነንባት ነበር። ድንጋዮቹን እንደ ቫንዳል ወደ መሃል ስናመጣቸው ተንሳፈፈች። ሽቦዎቹን ስናገላብጥ ደግሞ ወደ ኋላ ሄደች። ጩኸቱ ስታፍ ድረስ ተሰማ!

ሚያዝያ ላይ ምድር ባቡር ሲሠሩ ጡረታ የወጡ የአንድ ተማሪ አያት መጥተው አጫወቱን። ጀልባዋን አይተው ሳቁ። «እኛም ጅቡቲ የምንመላለሰው በዚሁ ነበር እኮ፤ ናፍጣው ጄኔሬተሩን ያዞራል፣ ጎማውን የሚነዳው ኤሌክትሪኩ ነው» አሉ። ልጆቹ ከዚያ በኋላ አባባን አልለቀቋቸውም፤ የምሳ ሰዓት አለፈ።

የቀረን አንድ ነገር አለ። ኤሌክትሪክ መሃል ሲገባ የተወሰነ ኃይል ይባክናል። ስለዚህ በ1904 እ.ኤ.አ. የተሠራችው እህቷ ሳርማት ወደ ፊት ስትሄድ ሞተሩ ከፕሮፔለሩ ጋር በቀጥታ ይያያዝ ነበር። ኤሌክትሪኩን የምትጠቀመው ወደ ኋላ ለመሄድ ነው። ለከርሞ የምንሠራው እሷን ነው። ሞተሩን ከፕሮፔለሩ የሚያያይዘውንና የሚለየውን ፍሪሲዮን ከምን እንሥራው በሚለው ላይ ልጆቹ ከአሁኑ ክርክር ጀምረዋል።