ለአባባ፣ በሠርጌ ቀን ስለምለብሰው ኪልት

ይድረስ ለማከብርዎና ለምወድዎ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎንስ ብርዱ እንዴት አድርጎታል? እማዬና ታናናሾቼ፣ የሽሮ ሜዳ ጎረቤቶቻችንስ ሁሉ ደህና ናቸው? እኔም እጮኛዬም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የላካችሁልን በርበሬ በደህና ደርሷል፤ እማዬን አመስግኑልኝ።

ባለፈው በስልክ ስለ ሠርጌ ልብስ ስነግርዎ ዝም አሉ። ከዚያ «ወንድ ልጅ ቀሚስ ለብሶ ሲዳር አላየሁም» ብለው ስልኩን ለእማዬ ሰጧት። እሷም በኦሪት ዘዳግም ወንድ የሴት ልብስ እንዳይለብስ የተጻፈው እንዳሳሰበዎት ነገረችኝ። በስልክ ላስረዳዎ ብል መስመሩ ይቆራረጣል፣ የልቤንም ሳልጨርስ ካርዱ ያልቃል። ስለዚህ ጻፍኩልዎ። ዕድሜ ልክዎን ከድርና ከማግ ጋር ኖረዋልና፣ ስለ ጨርቁ በደንብ ከነገርኩዎ ይህን ልብስ ከማንም በላይ የሚረዱት እርስዎ ነዎት ብዬ አምናለሁ። ዓመተ ምሕረቱን የጻፍኩት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

የኦሪቱን ላስቀድም። ኪልት፣ ያ ቀሚስ የመሰለዎት ልብስ፣ እዚህ ስኮትላንድ የወንድ፣ ያውም የተዋጊ ልብስ ነው። የሰሜን ስኮትላንድ ደገኞች ከ1500ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ረጅም የሱፍ ጨርቅ ወገባቸው ላይ አጥፈው በቀበቶ ያስሩና የተረፈውን ትከሻቸው ላይ ጣል ያደርጉት ነበር። ሲመሽ ፈትተው ይከናነቡታል፤ የእኛ ሰው በጋቢው እንደሚያድረው ማለት ነው። በ1700ዎቹ መጀመሪያ ገደማ የላይኛው ቀርቶ የታችኛው ብቻውን ይለበስ ጀመር። የዛሬው ኪልት የመጣው ከዚያ ነው።

በ1746 የደገኞቹ አመፅ ኩሎደን በሚባል ቦታ ሲሸነፍ፣ የለንደን ፓርላማ ልብሱን በሕግ ከለከለ። ለብሶ የተገኘ ወንድ ለመጀመሪያው ጊዜ ስድስት ወር ይታሰራል፤ ከደገመው ሰባት ዓመት ባሕር ማዶ ይጋዛል። ከክልከላው ነፃ የነበሩት በንጉሡ ጦር ውስጥ ያገለገሉት ወታደሮች ናቸው። ሕጉ የተነሣው በ1782 ነው። አባባ፣ ሰው የአባቱን ልብስ በመልበሱ ሲታሰር ያስቡት። የእጮኛዬ አባት «በሠርጋችሁ ቀን ኪልት ብትለብስልኝ ደስ ይለኛል» ሲሉኝ ወዲያው እሺ ያልኩት ይህን ታሪክ ስለማውቅ ነው። እንዲህ ተከልክሎ የተረፈን ልብስ ለባዕድ ሰው ልበስልኝ ማለት ትልቅ አክብሮት ነው።

የእጮኛዬ ቤተሰቦች እዚሁ ስኮትላንድ የፐርዝ አገር ሰዎች ናቸው። ፐርዝ ውስጥ ብላክ ዋች የሚባለው የእግረኛ ጦር ሙዚየም አለ። ጦሩ በ1739 የተቋቋመ ሲሆን፣ ደገኞቹ ጦሮች በአንደኛው የዓለም ጦርነት እንኳ በምሽግ ጭቃ ውስጥ በኪልት ተዋግተዋል። በነሐሴ 1940 ጣሊያን የእንግሊዝ ሶማሌላንድን ሲወር ከተከላከሉት መካከል አንዱ የብላክ ዋች ሻለቃ ነበር። በዓመቱ ደግሞ ከረን ላይ ካሜሮን ሃይላንደርስ የሚባሉት፣ እነሱም ኪልት ለባሾች፣ ጣሊያንን ተዋግተዋል። አያቴ ያን ዘመን ሲያወሩ እየሰሙ ነው ያደጉት፤ እነዚህ ሰዎች ከማን ጋር እንደተዋጉ ለእርስዎ አልነግርዎትም።

አሁን ወደ ጨርቁ ልምጣ። ታርታን ይባላል። በደንብ ተከርሮ የተፈተለ ሱፍ ነው፣ ከባድ ነው፣ ለአንድ ሙሉ ኪልት ከሰባት ሜትር በላይ ይገባል። ድሩ ሲዘረጋ ክሩ በየቀለሙ ይቆጠራል፤ ይህን ያህል ጥቁር፣ ይህን ያህል አረንጓዴ፣ ይህን ያህል ሰማያዊ እየተባለ። ማጉም በዚያው ቁጥርና በዚያው ቅደም ተከተል ይገባል። አረንጓዴ በአረንጓዴ ላይ ሲያልፍ ጥርት ያለ አረንጓዴ ይወጣል፤ በሰማያዊው ላይ ሲያልፍ ግን ከሁለቱ የተቀላቀለ ሌላ ቀለም ይፈጠራል። በሦስት ዓይነት ክር በተሠራ ጨርቅ ላይ ስድስት ቀለም የሚታየው ለዚህ ነው። ደግሞ እንደ እርስዎ ሸማ አንድ ከላይ አንድ ከሥር አይሄድም። ማጉ ሁለት ድር ላይ ያልፍና ሁለት ድር ሥር ይገባል፤ በየረድፉም አንድ ክር ወደ ጎን ፈቀቅ ይላል። ጠጋ ብለው ቢያዩት ሰያፍ መስመር ያዩበታል። ቁራጩን ልኬልዎታለሁ፤ መነጽርዎን አድርገው መስኮቱ አጠገብ ይመልከቱት።

ከሸማኔው ኪልት ሰፊው ይረከባል። ፊት ለፊቱ ዝርግ ነው፣ እጥፋቱ ሁሉ ከኋላ ነው። የኔ ሰፊ እያንዳንዱን እጥፋት በኖራ ምልክት እያደረገች፣ ከሥር የሚገባውን ክፍል እየለካች ስትሠራ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። እጥፋቶቹ ተደርድረው ሲያልቁ የጨርቁ መስመሮች ምንም እንዳልታጠፈ ሆነው መልሰው ይገጥማሉ። አንዱ እጥፋት በክር ስፋት ከሳተ ስህተቱ እስከ መጨረሻው ይከተላል። ስፌቱ በእጅ ነው። እርስዎ ጥለት ሲጥሉ ትንፋሽዎን የሚይዙት ነገር እዚያም አለ፤ ሴትዮዋ እጥፋት ስትለካ ማንም አያናግራትም።

እዚህ ብዙ ሰው እያንዳንዱ ጎሳ የራሱ ታርታን ከጥንት ጀምሮ እንደነበረው ያምናል። እኔ ሳጣራ ያገኘሁት ሌላ ነው። ስተርሊንግ አጠገብ ባኖክበርን ውስጥ ዊልሰን የሚባሉ ባለ ሽመና ቤተሰቦች ነበሩ፤ በ1819 የየታርታኑን የክር ቁጥር የጻፉበት መዝገብ ዛሬም አለ። በ1822 ንጉሥ ጆርጅ አራተኛ ኤድንብራን ሲጎበኝ መስተንግዶውን ያዘጋጀው ደራሲው ሰር ዋልተር ስኮት ባላባቱን ሁሉ ታርታን አስለበሰ፣ ንጉሡም ኪልት ለበሰ። ከዚያ ወዲህ ሁሉም የጎሳውን ታርታን ፈላጊ ሆነ። ዛሬ የምንሰማቸው የጎሳ ስሞች ብዙዎቹ ታርታኑ ላይ የወጡት በዚያ ዘመን ነው። ይህን ማወቄ ለልብሱ ያለኝን ክብር ጨመረው እንጂ አልቀነሰውም። ስሙ ይለዋወጣል፤ የክሩ ቆጠራ፣ እጥፋቱና ስፌቱ ግን ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የኖረ ነው። እኔ የማልነካው ይህንን ነው።

ስለዚህ እንዲህ ወስኛለሁ። ኪልቱ እምብርት ላይ ይታሰራል እንጂ እንደ ሱሪ ዳሌ ላይ አይወርድም፤ ጫፉም ጉልበት መሐል ላይ ያበቃል። ፊት ለፊት የሚደረበው ጨርቅ በቀኝ በኩል ይከፈታል። መርፌ ቁልፉ የላይኛውን ጨርቅ ብቻ ይይዛል፤ ሁለቱን አንድ ላይ ከወጋ አወራረዱ ይበላሻል፣ ጨርቁም ይቀደዳል። በዚህ ላይ የራሴ ፈጠራ ብዬ የምጨምረው የለኝም። እማዬ የምትጠይቀውንም አውቃለሁ፤ ከሥር ቁምጣ አለኝ፣ አትስጋ።

ጨርቁን ብላክ ዋች አድርጌዋለሁ። ጥቁር አረንጓዴ፣ ጥቁር ሰማያዊና ጥቁር ነው፣ ጭምት ነው። የአንድ ጎሳ ብቻ ስላልሆነ ማንም ሊለብሰው ይችላል፤ ለፐርዝ ሰዎች ደግሞ የአገር ቤታቸው ጦር ልብስ ነው። ጓደኞቼ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ታርታን አሠርተህ አስመዝግብ ብለውኝ ነበር። ከ2009 ጀምሮ የመንግሥት የታርታን መዝገብ ስላለ ይቻላል። አልፈለግሁም። ባንዲራችንን ወገቤ ላይ አጣጥፌ መቀመጥ አልወደድኩም፤ የእነሱንም ልብስ ለእኔ ማሳያ ማድረግ አልወደድኩም።

የቀረው ግን የለባሹ ምርጫ ነው። ልብስ አከራይ ቤት ብንሄድ ሁሉንም ሙሽራ አንድ ዓይነት ያለብሱታል፤ አጭር ጥቁር ኮት ከብር ቁልፎች ጋር፣ የቢራቢሮ ክራቫት፣ ነጭ ካልሲ፣ ቁርጭምጭሚት ላይ ክሩ የሚጠመጠም ጫማ፣ ፀጉራም የወገብ ቦርሳ። ያ ኮት የማታ ልብስ ነው፣ ሠርጋችን ደግሞ በቀን ነው። እኔ ትዊድ ከሚባል ወፍራም የሱፍ ጨርቅ ግራጫ ኮትና ሰደርያ አሰፍቻለሁ፣ ክራቫቴም ተራ ነው። ካልሲዬ ጥቁር አረንጓዴ፣ ጫማዬ ያው እሑድ እሑድ የማደርገው ጥቁር ቆዳ ነው። ቦርሳው ምንም ጌጥ የሌለው ቆዳ ሆኗል። ካልሲ ውስጥ የሚሸጎጥ ትንሽ ቢላዋም አለ፤ ሕጉ ለባህል ልብስ ይፈቅደዋል። እሱን ትቼዋለሁ። እርስዎ ወደ ደስታ ቤት ስለት ይዞ መግባት እንደማይወዱ አውቃለሁ፤ የእጮኛዬም አባት ምክንያቱን ስነግራቸው ገባቸው።

ትከሻዬ ላይ ጋቢ ደርብ ያሉኝም አሉ። ጋቢው ከኋላ ሲወርድ ያን ሁሉ እጥፋት ይሸፍነዋል፤ ጋቢውም በሱፍ ኮት ላይ አምሮ አይወርድም፣ ይንሸራተታል። እርስዎ የሠሩት ጋቢ የሌላ ልብስ ማሟያ ሆኖ እንዲታይም አልፈልግም። በመልሱ ቀን ከላይ እስከ ታች የአገሬን ነጭ እለብሳለሁ፣ ካባዬንም እደርባለሁ። የእጮኛዬ አባትም ያን ቀን ከእርስዎ የተላከላቸውን ኩታ ሊለብሱ ቃል ገብተዋል። አጣፋቸውን እኔ አስተካክልላቸዋለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ከእርስዎ እፈልጋለሁ። ካልሲው ከጉልበት በታች ይታጠፋል፤ የሚይዘው ላስቲክ ላይ ሁለት ሁለት ጠባብ ጨርቅ ይሰፋና ከእጥፋቱ ሥር ጫፉ ብቅ ይላል። ቀለሙን ሰው እንደወደደ ይመርጣል፤ ብዙዎቹ ከታርታኑ አንዱን ቀለም ያደርጉታል። እሱን እርስዎ እንዲሠሩልኝ እለምንዎታለሁ፣ በጥለት። ወርዱ ሁለት ጣት፣ ርዝመቱ አንድ ክንድ ይበቃል፤ እዚህ ለአራት እቆርጠዋለሁ። ጫፉ እንዳይተረተር ዳርና ዳሩ ጠበቅ ይበል። ከቁራጩ ጋር አረንጓዴና ሰማያዊ ክር ልኬያለሁ፣ ግን የግድ እሱን ይጠቀሙ አልልም። ሥዕሉን እርስዎ ይምረጡ፤ ቢጫ ቢያስገቡበት ቀጠን ይበል። ጉልበትዎ ጉድጓድ መውረድ ካልፈቀደልዎ ወንድሜ ይሥራውና እርስዎ አጠገቡ ሆነው ቀለሙን ይንገሩት።

የአክስቴ ልጅ በሰኔ መጨረሻ ወደዚህ ስለሚመጣ ለእሱ ቢሰጡልኝ በጊዜው ይደርሳል። ከመሥራትዎ በፊት የሚጠይቁኝ ካለ እማዬ ትደውልልኝ፤ ማታ ማታ ቤት ነኝ። ልብሱ አሁንም ልብዎን ካልሞላውም ይንገሩኝ፣ እሰማዎታለሁ።

ጤናና ዕድሜ ይስጥልኝ። ጉልበትዎን ስሜያለሁ።

ልጅዎ፣ ከኤድንብራ