የካሳውን መስመር አሳዩን

ክቡር አዘጋጅ፣

የከተማችን የድሬዳዋ ምክር ቤት በጀት ባጸደቀ ቁጥር የሚወጣውን ዜና ሳላነብ አላልፍም። ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። ጠቅላላ ድምሩ ከላይ ይቀመጣል። ይህን ያህሉ ለካፒታል፣ ይህን ያህሉ ለመደበኛ ይባላል። ቀጥሎ ትኩረት የተሰጣቸው ዘርፎች ይመጣሉ፤ መንገድ፣ ውሃ፣ ጤና፣ ትምህርት፣ የሥራ ዕድል። ከዚያ «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» ይልና እጃቸውን ያወጡ አባላት ፎቶ ይከተላል። አለቀ።

እኔ የምፈልገው አንድ መስመር ነው። በዚህ በጀት ዓመት ለመንገድም ለሌላም ልማት ተብሎ ከነዋሪው ለሚነሳው ቤትና ግቢ ስንት ብር ካሳ ተይዟል? ካለፉት ዓመታት ሳይከፈል ያደረ ውዝፍስ ስንት ነው? አስተዳደሩ ፍርድ ቤት ተከራክሮ ተሸንፎ ሊከፍል የሚገባውስ? ይህን መስመር በዜና አይቼው አላውቅም። ቀበሌያችን ሰሌዳ ላይም የለም። እዚያ ያለው የጠፋ መታወቂያ ማስታወቂያና ፀሐይ የበላው የክትባት ፖስተር ነው።

ማን ስንት ወንበር ይገባዋል የሚለውን ክርክር ለሌሎች ትቼዋለሁ። አርባ ከመቶ ለኦሮሞ፣ አርባ ለሶማሌ፣ ሃያ ለሌላው ሲባል ዕድሜያችን አለቀ። ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ማንም ይሁን ማን፣ ስለ ካሳ ይጠይቅልን ነው የምለው።

ነገሩ ቤታችን ስለገባ ነው እንዲህ የምከታተለው። አክስቴ እዚሁ ድሬ፣ መጋላ ሰፈር ነው የምትኖረው። አንድ ቀን ወጣቶች መጡና ግንብ አጥሯ ላይ በቀይ ቀለም መስመርና ቁጥር ጽፈው ሄዱ። ትንሽ ቆይቶ ዶዘር መጣ። አጥሩ፣ ማድ ቤቱና የውሃ ሮቶው የሚቀመጥበት መደብ ፈረሰ። ግቢው ጥግ ላይ የነበረው ትልቅ የኒም ዛፍም አብሮ ሄደ። ድሬ ለኖረ ሰው የኒም ጥላ ምን ማለት እንደሆነ መንገር አያስፈልግም። መንገዱ መስፋቱን የተቃወመ ሰው አልነበረም። እንዲያውም አክስቴ ለሠራተኞቹ ቀዝቃዛ ውሃ ስታቀርብ ነው የዋለችው።

ካሳ ስትጠይቅ «በዚህ በጀት ዓመት አልተያዘም፤ ለሚቀጥለው ይታያል» አሏት። የቢሮውን ስም አልጠራም፤ እዚያ ያሉት ልጆችም የታዘዙትን ነው የሚናገሩት። የሚቀጥለው በጀት ዓመት መጣ። አሁን ደግሞ «ግምቱ አልጸደቀም» ሆነ። ግምት ወደሚሠሩት ስትሄድ «እናቴ፣ ፋይልዎ ላይ አለ፤ ይጠብቁ» አሏት። ጠበቀች። ሲሰለቸን ፌስታሏን ይዘን ጠበቃ ጋ ሄድን። ፌስታሉ ውስጥ የሌለ ነገር የለም። ከደርግ ጊዜ ጀምሮ ያለ የጣሪያና ግድግዳ ግብር ደረሰኝ፣ እጥፋቱ ላይ ተቀዶ በፕላስተር የተያያዘ ካርታ፣ የውሃ ቢል ሳይቀር። ጠበቃው አንድ በአንድ ገልጦ አየና «የውሳኔ ደብዳቤው የታለ?» አለን። የለም። «የማስለቀቂያ ማስታወቂያውስ?» እሱም የለም። «ታዲያ በምኑ ላይ ይግባኝ ልንል ነው?»

ተመልሰን ቢሮው ሄድን። ውሳኔያችሁን በጽሑፍ ስጡን አልን። «ገና የተወሰነ ነገር ስለሌለ የሚጻፍ የለም» አሉን። አቦ! ማድ ቤቱ እኮ የለም!

ብዙ ሰው ይህን ስንፍና ይለዋል። ሙስና የሚለውም አለ። ሁለቱም ሊኖሩ ይችላሉ። እኔ ግን ዋናው ነገር ሒሳቡ ላይ ይመስለኛል። ደብዳቤ ከተጻፈ ዕዳ ሆነ። ዕዳ ከሆነ በጀት ላይ መያዝ አለበት። በጀት ላይ ከተያዘ የምክር ቤት አባል ይጠይቅበታል፤ ኦዲተር ያነሳዋል። ደብዳቤ ካልተጻፈ ግን አክስቴ መዝገብ ላይ ገንዘብ ጠያቂ አይደለችም። በየሳምንቱ ኮሪደር ላይ የምትቀመጥ አሮጊት ብቻ ናት። መንገዱ ሪፖርት ላይ በተያዘለት ወጪ እንዳለቀ ይነበባል። የጎደለውን የሸፈነችው እሷ መሆኗን ግን ማንም አይጽፍም።

ሕጉ በዚህ ላይ ግልጽ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 8 መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም የግል ንብረት መውሰድ እንደሚችል ይናገራል። የሚወስደው ግን ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ ከፍሎ ነው። በቅድሚያ! ለሚቀጥለው በጀት ዓመት የሚል የለበትም። በ2011 የወጣው የካሳ አዋጅ፣ ቁጥር 1161፣ ቅር ላለው ሰው መንገድ አስቀምጧል። መጀመሪያ አቤቱታ ሰሚ አካል፣ ቀጥሎ ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ፣ ከዚያ ፍርድ ቤት። ለአቤቱታው የተሰጠው ጊዜ 30 ቀን ነው። ወረቀት ያልተሰጠው ሰው 30ውን ቀን ከየት ጀምሮ ይቁጠር? ቀይ ቀለሙ ከተቀባበት ዕለት ነው? ዶዘሩ ከመጣበት?

ሌላም አለ። በ2012 የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ወጥቷል፤ ቁጥሩ 1183 ነው። ስሙ ፌዴራል ቢሆንም የአዲስ አበባንና የድሬዳዋን ከተማ አስተዳደሮችም ይመለከታል። ውሳኔ በጽሑፍ፣ ከነምክንያቱ ይሰጥ ይላል። ይህ አዋጅ በየቢሮው በር ላይ ቢለጠፍ ደስ ይለኛል። ቢያንስ ባለጉዳዩ ወረፋ ሲጠብቅ ያነበው ነበር።

ደብዳቤው ተገኘ እንበል። ድሬ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይጠብቅሃል። ቻርተራችን፣ ማለትም የከተማው መተዳደሪያ ሕግ የሆነው አዋጅ ቁጥር 416/1996፣ የከተማ ፍርድ ቤት አቋቁሟል። የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃና ከፍተኛ ፍርድ ቤቶችም እዚሁ ያስችላሉ። ከከተማው ፕላን ጋር የተያያዘ የይዞታ ጉዳይና የቀበሌ ቤት ክርክር የከተማው ነው፤ የባለቤትነት ክርክር የፌዴራሉ። ወረቀት ላይ ሲነበብ ቀላል ነው። የአንድ ሰው ግቢ ግን እንዲህ አይከፈልም። ፊት ለፊቱ የቀበሌ ቤት፣ ጀርባው የውርስ፣ ጎኑ ሰነድ አልባ የሆነ ግቢ መጋላ ውስጥ ሞልቷል። ከዚራ በምድር ባቡር ጊዜ ተለክቶ የተሠራ ሰፈር ነው። መጋላ ግን በየዘመኑ እየተጨመረ ነው ያደገው። የወረቀቱም ነገር እንደዚያው ነው። አንዱ የንጉሡ ዘመን ውል አለው፤ ሌላው የደርግ ደረሰኝ፤ ሦስተኛው ካርታ። በ1998ቱ የደቻቱ ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ነው ያለቀው። የተረፈውም ወረቀቱን ከሳጥኑ ጋር ያጣ አለ። እንዲህ ያለው ሰው ክስ ይዞ አንዱ ጋ ሲሄድ «ሥልጣኑ የእኛ አይደለም» ተብሎ መዝገቡ ይዘጋል። ወደ ሌላው ሄዶ እንደገና ይከፍታል። ዳኞቹን አልወቅስም። ሥልጣናቸውን ካላጣሩ በይግባኝ ይሻርባቸዋል።

ይህን ሁሉ ያነሳሁት ምክር ቤቱን ስለሚመለከተው ነው። በጀቱን የሚያጸድቀው ምክር ቤቱ ነው። የከተማውን ዳኞች ሹመት የሚያጸድቀውም እሱ ነው። የኦዲት ሪፖርትም እዚያው ይቀርባል። ሦስቱም የሚገናኙት አንድ አዳራሽ ውስጥ ነው። ታዲያ አንድ አባል ተነስቶ «ባለፈው ዓመት ስንት ሰው ቤቱ ፈረሰ፣ ስንቱስ ደብዳቤ ተሰጠው፣ ስንቱ ተከፈለው?» ቢል ምን ይጎዳል? ሦስቱ ቁጥሮች ካልተገጣጠሙ ችግሩ የት እንዳለ ያኔ ይታያል። ለጥያቄው የጥናት ኮሚቴም አያስፈልግም።

ገንዘብ የለም የሚለውንም ነገር ልንነጋገርበት ይገባል። በአገሪቱ የትም ብትሄድ በጥር «በጀት የለም» ይባላል፤ ሰኔ ሲገባ ገንዘቡ ይገኛል። ሰኔ 30 ከማለቁ በፊት መዋል አለበት ተብሎ ወንበር ይገዛል፣ ሥልጠና ይበዛል፣ ደህናው የእግረኛ መንገድ ድንጋይ ተነቅሎ አዲስ ይነጠፋል። ያ ጥድፊያ አንድ ጊዜ ለውዝፍ ካሳ ቢውል ብዬ እመኛለሁ።

አንዳንዱ «ለሁሉም በቅድሚያ ካልተከፈለ ቢባል ኖሮ መንገድ አይሠራም ነበር» ይለኛል። ምናልባት ያነሰ መንገድ ይሠራ ነበር። አምስት ጀምሮ የነዋሪውን ግቢ በነፃ ከመውሰድ ሦስት ጀምሮ ከፍሎ መጨረስ ይሻላል ባይ ነኝ። በነፃ የሚመስለው ወጪ ለአስተዳደሩ እንጂ ለነዋሪው ነፃ አይደለም።

ደግሞ ግብሩ እየመጣ ነው። በ1968 ወጥቶ እስካሁን ስንከፍልበት ለኖርነው የጣሪያና ግድግዳ ግብር ምትክ፣ የተወካዮች ምክር ቤት በ2017 አዲስ የንብረት ታክስ አዋጅ አጽድቋል። ይህ ማለት ከተሞች የየቤታችንን ዋጋ ይገምታሉ ማለት ነው። ይገምቱ፤ ግብር መክፈል ግዴታችን ነው። ግን ቤቴን ለግብር መገመት የሚችል ባለሙያ ለካሳም መገመት ይችላል። ለግብር ሲሆን ቪላ፣ ለካሳ ሲሆን ጭቃ ቤት እየሆነብን መቀጠል አይቻልም። ምክር ቤቱ የግብሩን ጉዳይ ሲያይ ይህንንም አብሮ ይየው። ለግብር የተሰጠው ግምት ቤቱ ሲፈርስ ለካሳም መነሻ ይሁን።

በጀቱ በየቀበሌው ሰሌዳ ላይ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ ቢለጠፍ ጥሩ ነው። በጀት ለሕዝብ በሰሌዳ የማሳየት አሠራር በየወረዳው ተሞክሯል፤ አዲስ ነገር አልጠየቅኩም። አንድ ገጽ ይበቃል። የካሳው መስመር ግን እዚያ ገጽ ላይ ይኑር።

እናንተንም አንድ ነገር ልጠይቅ። የሚቀጥለው የበጀት ጉባኤ ላይ ሪፖርተር ስትልኩ ድምሩን ብቻ ይዞ አይመለስ። ለካሳ ስንት እንደተያዘና ስንት ውዝፍ እንዳለ ይጠይቅ። «የለም» ከተባለም፣ የለም ተብሏል ብላችሁ አትሙልን።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የሳቢያን ነዋሪ፣ ድሬዳዋ