ወረቀቱን ሳትጠይቁ ዲዛይን አትጀምሩ
ሰላም ቤተሰብ፣ ትናንት ፒያሳ ማተሚያ ቤት ቆሜ ተቆርጦ የሚጣለውን ወረቀት ሳይ አንጀቴ ተቃጠለ፤ የራሴው ሥራ ነው ደግሞ። ፍላየሩን ያምራል ብዬ 20 በ20 ሴንቲ ሜትር አድርጌው ነበር። የሚታተምበት ኤ3 ወረቀት ግን 29.7 በ42 ነው፤ ስለዚህ ሁለት ብቻ ወጣውና ከሲሶ በላይ የሚሆነው ቆሻሻ ውስጥ ገባ። ኤ5 (የኤ3 ሩብ) ባደርገው ኖሮ አራት ይወጣው ነበር! እና እባካችሁ መጀመሪያ ለማተሚያ ቤቱ ደውሉና የወረቀቱን ልክ ጠይቁ።

ላሚኔሽንም (ወረቀቱን በስስ ፕላስቲክ መሸፈን) ደንበኛው ሳይጠይቅ አታቅርቡ፣ ፕላስቲኩ ወረቀቱ ላይ ስለሚጣበቅ መልሶ ለመጠቀም ያስቸግራል። ባነር ደግሞ ይብሳል፤ ፒቪሲ የሚባል ፕላስቲክ ስለሆነ አይበሰብስም። ቀንና ዓመተ ምሕረት ካልጻፋችሁበት ግን ለከርሞም ይሰቀላል። የቅዳሜው ስብሰባችን ባነርም ቀን አይኖረውም፤ ፋይሉን ዛሬ ማታ እልካለሁ።