ባቡር ጣቢያው አጠገብ ማን ይኑር?

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

አንድ አንባቢ ባለፈው እትማችሁ የሲያትል ሰፈራችንን ሬይኒየር ቫሊን ያጠፉት አዳዲሶቹ ፎቆች ናቸው ብለዋል። በግማሹ እስማማለሁ።

ቀላል ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ2009 ሥራ ሲጀምር ቢከን ሂል የተባለውን ኮረብታማ ሰፈር በዋሻ አለፈ። እኛ ጋ ሲደርስ ግን በማርቲን ሉተር ኪንግ ጎዳና መሀል፣ ከመኪናና ከእግረኛ ጋር እየተጋፋ ነው የሚሄደው። ከዚያ ኪራዩ ናረ፣ ስንቱ ጎረቤት ከሲያትል ውጭ ወዳሉት ኬንትና ሬንተን ከተሞች ሄደ።

ታዲያ መፍትሔው ግንባታ ማቆም ነው? አይመስለኝም። ፎቅ በጥቂት ሰፈሮች ብቻ ሲፈቀድ ጫናው ሁሉ እዚያ ያርፋል። የዋሽንግተን ግዛት የ2023 ሕግ በትልልቅ ከተሞች በአንድ የመኖሪያ ቦታ እስከ 4 ቤት፣ በዋና ትራንስፖርት አጠገብ እስከ 6 ይፈቅዳል። ሀብታሞቹ ሰፈሮችም ይቅመሷት እንጂ!

ድንኳን ውስጥ የሚያድሩትን በተመለከተ፣ ችግሩ ሱስ ብቻ ነው የሚለው አይዋጥልኝም። ሱሰኛ ርካሽ ከተማም ውስጥ አለ። እዚያ ግን ክፍል ተከራይቶ ይኖራል።

የኢትዮጵያ ማኅበረሰብ በሬይኒየር ለአረጋውያን 90 መኖሪያ አሠርቷል። ለቤተሰብስ? የሚሠራው ባብዛኛው ስቱዲዮ፣ ማለትም ባለ አንድ ክፍል ቤት ነው፤ አምስት ልጅ ያላት እናት ምን ታድርገው? በየካቲት 2025 የሲያትል መራጭ ለማኅበራዊ ቤቶች፣ ማለትም የሕዝብ ንብረት ለሆኑ የኪራይ ቤቶች የሚውል ግብር አጽድቋል። ገንዘቡ ሥራ ላይ ሲውል በየስብሰባው እንገኝና ከጣቢያዎቹ አጠገብ ባለ 3 መኝታ ቤት እንጠይቅ።

የሬይኒየር ቫሊ ነዋሪ፣ ሲያትል