ጉዳዩ፦ ድልድዩ ለጥገና ስለሚዘጋበት ጊዜ

ለተማሪ ወላጆችና አሳዳጊዎች በሙሉ፣

ወደ ትምህርት ቤታችን የሚያስገባው ድልድይ ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ለስድስት ሳምንት ለተሽከርካሪም ለእግረኛም ዝግ ይሆናል። የወለሉ አርማታ ተሰነጣጥቆ ውኃ በማስገባቱ ፌሮው ዝጓል፤ ላይ ላዩን መለሰን አያዋጣም። የተበላሸው ተፈልፍሎ፣ ፌሮው ተቀይሮ እንደ አዲስ ይሞላል።

«ሙሌቱ ካለቀ ለምን አንሻገርም?» የምትሉ እንደምትኖሩ እናውቃለን። ለማፍረስና ለመሙላት የተያዘው ሁለት ሳምንት ብቻ ነው፤ ቀሪው አራት ሳምንት አርማታው የሚጠነክርበት ነው። በማግሥቱ ሲረግጡት የጠና ይመስላል፤ ጥንካሬው ደረሰ የሚባለው ግን በ28ኛው ቀን ነው። በመጀመሪያው ሳምንት እርጥብ ጆንያ ለብሶ ውኃ እየጠጣ ይቆያል። ማታ መንገዱን የዘጋውን በርሜል ገፍቶ በሞተር የሚያልፍ ሰው ያልጠናውን ሙሌት ሰንጥቆ ሥራውን ወደ ኋላ ይመልሰዋል፤ እባካችሁ ጎረቤትም ሲያደርገው ዝም አትበሉ።

ከማዶ የሚመጡ ተማሪዎች ከድልድዩ በላይ ባለው የድንጋይ መሻገሪያ ያልፋሉ። ጠዋት ከ1፡30 እስከ 2፡45፣ ከሰዓት ከ9፡30 እስከ 10፡30 ሁለት መምህራንና አንድ ጥበቃ እዚያው ይቆማሉ፤ ከዚህ ሰዓት ውጭ ልጅ ብቻውን አይሻገር። ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ያሉትን ወላጅ ወይም ታላቅ እጃቸውን ይዞ ያሻግራቸው። ድንጋዩ አረንጓዴ ስለያዘ ባዶ እግር ያንሸራትታል፤ የፕላስቲክ ጫማ ይሻላል። ከመሻገሪያው ዝቅ ብሎ የተኛው ውኃ ውስጥ ግን አይጫወቱ፤ የቢልሃርዚያ ቀንድ አውጣ የሚኖረው እንዲህ ባለው ቦታ ነው።

በጋ ነው ብላችሁ አትዘናጉ። እዚህ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ደጋ ላይ የጣለው ዝናብ በድንገት ደራሽ ሆኖ ይመጣል። ውኃው ደፍርሶ ጭራሮና ቅጠል ማምጣት ከጀመረ፣ ገና ቁርጭምጭሚት ባይሞላም፣ ማንም አይግባ። ልጁ ወደ ቤቱ ይመለስ፤ ቀሪ አይያዝበትም፤ ያመለጠው ትምህርት ቅዳሜ ጠዋት ይካካሳል። ደራሹ ከሰዓት ከመጣ ደግሞ ልጆቹን እኛ ጋ እናቆያለን። በዚህ ማዶ ዘመድ ያላችሁ የሚያሳድራቸውን ሰው ስምና ስልክ እስከ ዓርብ ለክፍል ኃላፊው መምህር አስመዝግቡ።

በባጃጅ የምትልኩ በላይኛው መንገድ መዞር ግድ ነው፤ ወደ 40 ደቂቃ ይጨምራል። ስለዚህ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ከ2፡30 ወደ 3፡00 ተዛውሯል። የምገባው እህል ቀድሞ ስለገባ ምሳ አይቋረጥም።

ከሠላምታ ጋር
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር