ከአጥሩ ውጭ ላለችው መሬት አፈር እንግዛ፦ የድጋፍ ጥሪ

በሲልቨር ስፕሪንግና በአካባቢው የምትኖሩ ወገኖቻችን፣ 1,700 ዶላር ጎድሎናል። ነገሩን ዙሪያ ጥምጥም ማዞር ስለማንችልበት ከቁጥሩ ጀመርን። ገንዘቡ የሚውለው ከጋራ ጓሯችን አጥር ውጭ፣ በመንገዱ በኩል ባለችው ባዶ መሬት ላይ የአበባ ሽንኩርት ለመትከል ነው። አዎ፣ ሽንኩርት። ወጥ ውስጥ የማይገባ፣ ለዓይን የሚተከል ሽንኩርት።

ጓሮውን ለማታውቁት ባጭሩ እንንገራችሁ። ከአፓርታማዎቹ ጀርባ፣ ከመኪና ማቆሚያው ጎን ነው። እናቶቻችን ጎመን፣ ቃሪያ፣ ዱባ፣ በሶብላና ጤና አዳም ያበቅሉበታል። ቦታው የተሰጠን በነፃ ነው፤ የውሃውን የምንከፍለው እኛ ነን። ዙሪያው በረጅም አጥር የታጠረ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ያለ አጥር ጎመን መትከል ለአጋዘን ቀለብ መስፈር ነውና።

ችግሩ ያለው ከአጥሩ ውጭ ነው። በአጥሩና በእግረኛው መንገድ መካከል 60 ጫማ ርዝመት፣ 5 ጫማ ስፋት ያላት መሬት አለች። እሷን ማጠር አይፈቀድም። ቱሊፕ ተተከለባት፤ እምቡጡ ሳይፈነዳ ተበላ። ለቅጠሉ የሚተከለው ሆስታ ተተከለ፤ እስከ ሥሩ ታጨደ። ጽጌረዳው እንኳ ከነእሾሁ አልተረፈም። አጋዘን ያባርራል የተባለው መርጫ ደግሞ ዝናብ በመጣ ቁጥር ታጥቦ ይሄዳል፤ ስንቴ ይገዛል? አሁን መሬቷ አረምና የቡና ኩባያ ሰብስባ ቁጭ ብላለች። የሕንፃው አስተዳደርም እስከ ስፕሪንግ ካልተስተካከለች ሣር ዘርቶ በማሽን እንደሚያጭዳት ጽፎልናል።

ሽንኩርቱ የመጣው በዚህ ምክንያት ነው። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ባሮ ሽንኩርትና ለጌጥ የሚተከሉት አበቦች ሁሉም አንድ ወገን ናቸው፤ በሳይንሱ አሊየም ይባላሉ። በዓለም ላይ ከ900 በላይ ዝርያዎች አሏቸው። ቅጠላቸው ሲቆረጥ ያ የምናውቀው ሽታ ይወጣል፤ አጋዘን አይወደውም። የቱሊፕን ራስ፣ ማለት መሬት ውስጥ የሚቀበረውን ሽንኩርት መሰል ክፍል፣ ቆፍሮ የሚበላው ስኩዊረልም አይነካቸውም። በጣም የራበው አጋዘን ያገኘውን ሊቀምስ ይችላል፣ ይህን አንደብቅም። ግን ቀምሶ ይተዋል እንጂ አይጨርስም።

በመቂና በባቱ በኩል የሽንኩርት እርሻ ያየ ሰው አበባውን ለመገመት አይቸገርም። ለዘር የተተወ ሽንኩርት ረጅም አገዳ ያወጣና ጫፉ ላይ ክብ ነጭ አበባ ይይዛል፤ ንቡ ይወረዋል። እኛ የምንተክለው የዚያው ዘመድ ነው፤ ልዩነቱ አበባው ትልቅ፣ ቀለሙም ደማቅ መሆኑ ነው።

ዋናው ተክላችን ፐርፕል ሴንሴሽን የሚባለው ይሆናል። ቁመቱ 3 ጫማ ገደማ ነው፤ አበባው ደማቅ ወይን ጠጅ። የሚተከለው ራስ ርካሽ ነው፣ አበባው በየዓመቱ ተመልሶ ይመጣል፣ ዘሩንም በዙሪያው ይበትናል። በእኛ አካባቢ የሚያብበው በሜይ መጀመሪያና አጋማሽ ነው። ይህም ከግንቦት ልደታ ጋር ይገጥምልናል። ብርዱ ከከረመ በሳምንት ሊዘገይ ይችላል፣ ያኔ እንግዲህ ንፍሮው ይቀድማል። የግንቦት ልደታ ቡና የሚፈላው ጓሮው በር ላይ መሆኑን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ አበቦቹ ከጀበናው ፊት ለፊት ይሆናሉ ማለት ነው።

ከሱ ቀጥሎ ግሎብማስተር ይመጣል። ሆላንዶች ያዳቀሉት ነው። የአበባው ስፋት 8 ኢንች ይደርሳል፤ ዘር ስለማይሰጥም አበባው ቶሎ አይረግፍም። መጥፎነቱ ውድነቱ ነው። በዘር አይራባም፣ ራሱም የሚከፋፈለው ቀስ እያለ ነው፤ ስለዚህ አንዱ ራስ የፐርፕል ሴንሴሽንን ብዙ እጥፍ ያስከፍላል። 12 ብቻ እንገዛለን፤ በሩ አጠገብ ለሚተከሉት ይበቃል። ጁን ላይ ክሪስቶፊ ይከተላል። አገሩ ኢራን፣ ቱርክና ቱርክሜኒስታን ነው። አጭር ነው፣ ግን አበባው እንደ ግሎብማስተሩ ሰፊ ሆኖ በብርማ ሐምራዊ ከዋክብት የተሞላ ነው። ሲደርቅም ቅርጹን አይለቅም፤ ቤት ወስዳችሁ ማስቀመጥ ትችላላችሁ።

ሰመር ላይ ሁለት ይቀራሉ። ድራምስቲክ የሚባለው ጁላይ ላይ ያብባል። አበባው እንቁላል ቅርጽ አለው፤ ከታች አረንጓዴ፣ ከላይ ቀይ ወይን ጠጅ ሆኖ ይጀምራል። እጅግ ርካሽ ስለሆነ 150 ራስ ነው የምንገዛው፤ እንተክለዋለን ከማለት እንዘራዋለን ማለት ይቀላል። የመጨረሻው ሚሌኒየም ነው። ይህ በራስ አይሸጥም፤ በማሰሮ የበቀለ ተክል ሆኖ ነው የሚገዛው። ማሳቹሴትስ ውስጥ ማርክ ማክዶኖ ያዳቀለው ሲሆን በ2018 የአሜሪካ የዓመቱ ምርጥ ቋሚ አበባ ተብሏል። ጁላይ መጨረሻና ኦገስት ላይ፣ ሌላው ሁሉ በሙቀት ሲጠወልግ እሱ ያብባል።

ጃይጋንቲየም የሚባለውን፣ ከሰው ትከሻ የሚደርሰውን ረጅሙን ለምን አላካተታችሁም ያላችሁን አላችሁ። ፎቶው ላይ ያምራል፣ እውነት ነው። ግን የማዕከላዊ እስያ ተራራ ልጅ ነው። ሰመር ላይ ደረቅ መሬት ይፈልጋል። የሜሪላንድን ሰመር ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ላብና ዝናብ። በዓመቱ ብዙውን ጊዜ ይጠፋል። በናንተ ገንዘብ ቁማር አንጫወትም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። እስካሁን ገንዘብ የሰጡን ሁሉ ማለት ይቻላል «ለአበባው» ብለው ነው የሰጡን። ለአፈር የሰጠ የለም። እኛ ግን በዋናነት የምንለምነው ለአፈር ነው።

የአካባቢያችን መሬት ሸክላ አፈር ነው። መሬቷ ላይ 1 ጫማ ጉድጓድ ቆፍረን ውሃ ሞላነው፤ በማግስቱም ውሃው እዚያው ነበር። የሽንኩርት ራስ ከብርድ ይልቅ የሚሞተው ከእርጥበት ነው። በዊንተር ውሃ ውስጥ የተኛ ራስ ስፕሪንግን አያይም፤ ይሻግታል፣ ይበሰብሳል። በዚህ ሸክላ ላይ 500 ራስ ብንተክል አጋዘን ሳይነካው መሬቱ ይበላዋል።

አሸዋ ቀላቅሉበት ያሉን ወንድሞች አሉ። ከልብ እናመሰግናለን፣ ግን አናደርገውም። ሸክላ ውስጥ ትንሽ አሸዋ ሲገባ እንደ ሲሚንቶ ይጠጥራል፤ እንዲላላ ካስፈለገ እጅግ ብዙ አሸዋ ይጠይቃል። የሚሻለው ኮምፖስት፣ ማለት ከበሰበሰ ቅጠልና ትርፍራፊ የሚሠራ ማዳበሪያ ነው። ከሁሉ የሚሻለው ደግሞ መደቡን ከመሬት ከፍ ማድረግ ነው። ስለዚህ ዙሪያውን በጣውላ ከበን፣ ሣሩ ላይ ካርቶን አንጥፈን፣ 1 ጫማ ከፍታ ኮምፖስት የተቀላቀለበት አፈር እንሞላለን። 60 በ5 በ1 ጫማ ሲሰላ 11 ኪዩቢክ ያርድ ገደማ ይሆናል። በባልዲ የሚመጣ አይደለም፤ የጭነት መኪና ነው የሚያራግፈው።

ሒሳቡ ይኸው። አፈሩ ከነማጓጓዣው 700 ዶላር ነው። ጣውላውና ብሎኑ 900። የአበባው ራስና የሚሌኒየሙ ማሰሮዎች በድምሩ 700። ካትሚንት ለሚባል ተክል 200 ይዘናል፤ የሽንኩርቱ ቅጠል አበባው ሳያልፍ መድረቅና መቢጨት ስለሚጀምር ከፊት ሆኖ የሚሸፍነው ነገር ያስፈልጋል። ቅጠሉን ቀድሞ መቁረጥ አይቻልም፣ የሚቀጥለውን ዓመት አበባ የሚቀልበው እሱ ነው። ካትሚንትንም አጋዘን አይወደውም። ለውሃ ቱቦ 150፣ ለመጠባበቂያ 150። ጠቅላላ 2,800 ዶላር። ከዚህ ውስጥ 1,100 እርስ በርስ አዋጥተን ሞልተናል።

ገንዘቡ ካልሞላ አበባውን እንቀንሳለን እንጂ አፈሩን አንቀንስም። መጀመሪያ የሚሰረዘው ግሎብማስተር ነው። መደቡ በደንብ ከተሠራ በሚቀጥለው ዓመት ራስ መጨመር ቀላል ነው። መደብ የሌለው አበባ ግን ገንዘብ መቅበር ነው።

«ይህ ሁሉ ገንዘብ ለአበባ ከሚወጣ ለጎመኑ ለምን አይሆንም?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ባለፈው ሰመር የእናቶች ዱባ ብዙ አብቦ ጥቂት ነው ያፈራው። የዱባ ወንዴና ሴቴ አበባ የተለያዩ ናቸው፤ ካልተዳቀሉ ፍሬው ገና በጣት መጠን እያለ ይረግፋል። የሚያዳቅላቸው ንብ ነው። ድራምስቲክና ሚሌኒየም የሚያብቡት ዱባው በሚያብብበት ወቅት ነው፤ ንብ ደግሞ የሽንኩርት አበባ ነፍሷ ነው። ከአጥሩ ውጭ ለአበባው የመጣች ንብ አጥሩን ለማለፍ ፈቃድ አትጠይቅም። ይህ ብቻውን የዱባውን ችግር ይፈታል አንልም፣ ግን ይረዳል። ከዚያ ውጭ ግን፣ በግልጽ ለመናገር፣ አበባ ለማየትም መትከል ያለ ነው። ሁሉ ነገር ወጥ መሆን የለበትም።

ስለ ወጥ ከተነሳ፣ እማማዎች ደጋግመው የጠየቁንን እንመልስ። አይበላም። ለጌጥ የሚሸጥ ራስ በፀረ ሻጋታ መድኃኒት ታሽቶ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ሽንኩርት ተወደደ ብላችሁ እንዳትነቅሉት። ውሻና ድመት ያላችሁም ተጠንቀቁ። ማንኛውም ሽንኩርት፣ የወጡም ሆነ የአበባው፣ ለእነሱ መርዝ ነው። መንገዱ ውሻ የሚንሸራሸርበት ስለሆነ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ትንሽ ማስጠንቀቂያ እናቆማለን። የለጋሽ ስም የሚጻፍበት ሰሌዳ ግን አይኖርም። ለሟች ዘመዶቻቸው መታሰቢያ መስጠት የፈለጉ ነበሩ፤ ስጦታውን በደስታ እንቀበላለን፣ ስሙ በመዝገባችን ላይ ይሰፍራል። 60 ጫማ መሬት ላይ 40 ሰሌዳ ከተተከለ አበባው የቱ ጋ ሊታይ ነው?

ጊዜው አጭር ነው። የአበባው ራስ የሚተከለው በፎል ብቻ ነው፤ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ኅዳር መጀመሪያ ባለው ጊዜ። የዊንተርን ብርድ መሬት ውስጥ ማሳለፍ አለበት፣ አለዚያ በወጉ አያብብም። ስለዚህ መደቡ ከመስቀል በኋላ ባሉት ቅዳሜዎች ተሠርቶ ማለቅ አለበት፤ ትዕዛዙም ከዚያ በፊት መላክ አለበት። ኖቬምበር ላይ ዋጋ ይወርዳል፣ እናውቃለን፤ ያኔ ግን የሚቀረው የተመረጠበት ነው።

ገንዘብ ለሌላችሁ ሌላም የምንፈልገው ነገር አለ። ፒክአፕ መኪና ያለው ሰው ለአንድ ቅዳሜ ጠዋት። ጣውላ የሚቆርጥና ብሎን የሚያስር፣ ድሪሉን ይዞ የሚመጣ። ቴፑ የተላጠለት ትልቅ ካርቶን፣ የቻላችሁትን ያህል። ተከላው ራሱ ከባድ አይደለም። የአበባውን ራስ በቁመቱ ሦስት እጥፍ ያህል አጥልቆ፣ ሾጣጣውን ወደ ላይ አድርጎ መቅበር ነው፤ ልጆችም ይችሉታል። እንዲያውም ከልጆች ጋር ኑ፣ ጎንበስ ማለት ለእነሱ ይቀላል። ራስ ገዝታችሁ ማምጣት የምትፈልጉም ከላይ ከጠቀስናቸው ዓይነቶች ብቻ ይሁን። ቱሊፕ እንዳታመጡ፣ አደራ።

ገንዘብ ያዣችን እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጓሮው በር ላይ ትገኛለች። በጥሬም፣ በቼክም፣ በዜልም ትቀበላለች፤ 5 ዶላርም ቢሆን ደረሰኝ ትቆርጣለች። ከሒሳቡ ገንዘብ የሚወጣው በሁለት ሰው ፊርማ ነው። የአፈሩ፣ የጣውላውና የአበባው ደረሰኝ እንደተገዛ በሩ ላይ ይለጠፋል። የተረፈ ገንዘብ ካለ ለውሃ ሒሳብ ይውላል።